የብራቾ ጎሚኒ በአምስት ወሩ ተቀደደብኝ፤ ስህተቱ አጠባበቄ ላይ ይሆን?

ጠያቂ (ጀሞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ናት። ጥቅምት ላይ የፊት ታችኛውን ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለውን ላስቲክ፣ በግራም በቀኝም ቀየርኩ። ፕሬስ (መጫኛ ማሽን) ስለሌለኝ ጎሚኒውን ጋራዥ አስገብቼ አስመታሁት፤ መፍታቱንና ማሰሩን ግን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ሠራሁት። በክሪክ አንስቼ ብረት መቆሚያ ከስር አደረግኩ፤ ጎማው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል አጠበቅኩ። ዝገት እንዳይዘው ብዬም ቡሎኑን ዘይት ቀባሁት።

መጋቢት ላይ ፍሬን ስይዝ ከግራ በኩል «ጓ» ማለት ጀመረች። ከስር ገብቼ በባትሪ ሳየው ላስቲኩ ግማሽ ዙር ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጥፍሬን ያስገባል። የሸጠልኝ ሰው ዕቃው ደህና ነው ይላል። ሌላ ገዝቼ እንደዚያው ባስረው ደግሞ እንዳይቀደድ ፈራሁ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልስባት መኪና ናት።

መልስ 1፦
ዕቃው ነው ወንድሜ። ርካሹን ጎሚኒ ትተህ ደህናውን ግዛ። እኔም ደርሶብኛል።

መልስ 2 (የቀድሞ መካኒክ፣ አዳማ)፦
ዕቃውን ከመክሰስህ በፊት ስማኝ። ርካሽ ዕቃ ቶሎ ያልቃል፣ እሱ እውነት ነው። ያንተን ነገር የማየው ግን «ጎማው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ» ያልከው ላይ ነው።

ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። መሃሉ የብረት ቱቦ አለው፤ ላስቲኩ ከዚያ ቱቦና ከውጭው ቀለበት ጋር ተጣብቋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር ተነክሶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ብራቾው ባለበት ቦታ ካጠበቅከው፣ ላስቲኩ የሚያርፈው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነው። አንተ ያጠበቅከው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው። መኪናዋን ስታወርዳት ላስቲኩ ገና ሳትነዳት ተጠማዘዘ። ቆማ ስታድርም እንደተጠማዘዘ ያድራል። አምስት ወር መቆየቱም ጥሩ ነው።

አሁን አዲሱን ስትገጥም ቡሎኖቹን አስገባ፣ ዳዶውን እስኪነካ ብቻ አድርስ። ጎማውን እሰር፣ አውርዳት፣ ከፊቷ ተጫን ለቀቅ እያደረግህ አወዛውዛት፤ ትንሽም ወደፊትና ወደኋላ ግፋት። የመጨረሻው ማጥበቅ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጉድጓድ ያለው ቦታ ካገኘህ እዚያ ግባ። ካላገኘህ ደግሞ ገና ሳትፈታት፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በሜትር ለካና ጻፈው። ስታስር ብራቾውን ከቴስቲናው (ብራቾው ጎማው ጋ ከሚገናኝበት መጋጠሚያ) ስር በሌላ ክሪክ ቀስ እያልክ ግፋና ያ ልክ ላይ ስትደርስ አጥብቅ። መቆሚያው ከቦታው እንዳይላቀቅ ደጋግመህ እየው። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር እንዳትገባ፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ነገር አይቻለሁ።

ዘይቱን ተው። ቡሎን ስታጠብቅ ከጉልበትህ አብዛኛውን የሚበላው ሰበቃ ነው፤ ብረቱን ወጥሮ ለመንከስ የሚተርፈው ከአሥር አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ዘይት ስትቀባው ሰበቃው ይቀንስና በዚያው ጉልበት ቡሎኑ ከልኩ በላይ ይወጠራል። መመሪያው ቅባ ካላለህ በሽቦ ብሩሽ አጽዳውና ደረቁን እሰር። በቱቦ ያጠበቅከውንም ቡሎን ፈትሽ፤ ዳዶውን በጣትህ ከጫፍ እስከ ጥግ አሽከርክረው። መሃል ላይ ከያዘብህ ጥርሱ ተስቧልና ጣለው፣ አዲስ ግዛ።

ጠያቂ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የቀኙስ ገና አልተቀደደም፤ እሱንም ልቀይረው? ደግሞ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) የለኝም። የጎረቤቴ ልጅ በአየር የሚሠራ መፍቻ አለው፤ በእሱ ባስርስ?

መልስ 2፦
የቀኙን ላስቲክ እየው። ካልተሰነጠቀ መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች ቡሎኑን አላላውና መልሰህ አጥብቀው፤ ይተርፋል። የአየሩን መፍቻ ለመፍታት ብቻ ተጠቀምበት። ሲያስር የት እንደደረሰ አታውቅም።

የቴስቲናውን ዳዶ ከነካህ ደግሞ ልኩ ላይ አድርሰህ ዳዶው እንዳይላላ የሚገባው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምርና አግጥመው። ለማግጠም ብለህ ወደኋላ እንዳታላላ። ሽቦውም አዲስ ይሁን።

መልስ 3 (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ቶርክ ሬንች እስክታገኝ አንድ መላ ልስጥህ። እዚህ ወደ አገር ቤት የምንመላለስ ሰዎች ሻንጣችን 23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንበት ትንሽ የእጅ ሚዛን አለ፤ እናንተም ቤት አይጠፋም። የሚዛኑን መንጠቆ ከዳዶው መሃል 50 ሳንቲሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ ስቀለውና ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተህ ሳብ። የቪትዝ የጎማ ዳዶ የሚጠብቅበት ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 103ን በ9.81 አካፍል፣ ያገኘኸውን በ0.5 አካፍል፤ 21 ኪሎ ይመጣል። ሚዛኑ 21 ሲል አቁም። የብራቾውን ቁጥር ከሞዴልህ የጥገና መመሪያ አውጥተህ እንዲሁ አስላው።

መለኪያውን ግን ልብ በል። እዚህ በፉት ፓውንድ ነው የሚጻፈው፤ የጎማህ ዳዶ በዚያ 76 ነው። እኔ አንዴ 103ን ፉት ፓውንድ ብዬ ሬንቹ ላይ ሞላሁት። 140 ኒውተን ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ የጎማ ቡሎን ጥርስ ሄደ።

ጠያቂ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፦
ተሠራ። መጀመሪያ የቀኙን፣ አራቱም ጎማ መሬት እንደያዘ፣ ቡሎኑን ሳላላው «ጧ» አለና ብራቾው በእጄ ስር ንዝረት ሰጠኝ። ላስቲኩ ላይ የነበረው ሽብሽብ ዓይኔ እያየ ተዘረጋ። አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ ተጠማዝዞ እንደከረመ ያኔ ነው የገባኝ።

የግራውን በአዲስ ጎሚኒና በአዲስ ቡሎን አሰርኩ፤ የድሮው ዳዶ ጋሼ እንዳሉት መሃል ላይ ያዘብኝ። ሳልፈታት የለካሁት 36 ሳንቲሜትር ነበር፤ ተንጠልጥላ 43 ሆነች። በክሪክ ወደ 36 መልሼ፣ በሻንጣ ሚዛኑ እያየሁ አጠበቅኩ። 80 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን ደግሜ ስሞክር ከአራቱ አንዱ ትንሽ ዞረ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ፍሬን ስይዝ ድምፁ ጠፍቷል። ቅዳሜ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አስገባታለሁ።