«ምንም የለብዎትም» ማለት ምን ማለት ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው። እናቴ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የላትም። ራሷን ይወጋታል፣ ሆዷን ያቃጥላታል፣ ልቧን ያፍናታል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ነው። ሌሊት ተነስታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ደም ሰጠች፣ ሰገራ ሰጠች፣ ሽንት ሰጠች። ከሰዓት ውጤት መጣ። «እማማ፣ ምንም የለብዎትም» ብለው ሸኟት። ማታ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ ዋሽቼ ነው እንዴ?» እዚህ ግሩፕ ውስጥ ነርሶች አላችሁ። ይህን ቃል ማን አስተማራችሁ?

11 ዓመት በዋርድ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። ግን ቃሉ ስህተት አይደለም። በተመረመረችው በሽታ አልተገኘባትም ማለት ነው። ይህ እኮ የምሥራች ነው። ቲቢ ወይም ስኳር ቢገኝባት ይሻል ነበር?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ «አልተገኘም» እና «ምንም የለብዎትም» አንድ ናቸው? ንጹህ የሆነው ወረቀቱ ነው። እናቴ ዛሬም አልተኛችም።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ግን መጀመሪያ የተማርነው ትምህርት ይኸው ነው። በሽታ ማለት ባለሙያ የሚያየው፣ የሚለካው መዛባት ነው። ህመም ማለት ደግሞ ሰውየው ራሱ የሚሰማው። ሦስተኛም አለ፦ ሰፈሩ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ቦታ። ይጠየቃል ወይስ ይሸሻል? ከሥራ ይቀራል ወይስ ሰነፍ ይባላል? ሦስቱ አብረው ላይመጡ ይችላሉ። እናቷ ላይ በሽታ አልተገኘም፣ ህመም ግን አለ። ስለዚህ «ምንም» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም።

11 ዓመት በዋርድ፦ ትምህርቱን እኔም ተምሬዋለሁ። ግን የሚሰማው ስሜት ብቻ ከሆነ መለኪያችን፣ ግፊቱ 190 በ110 ሆኖ «እኔ ደህና ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሳርስ ነው የዋልኩት» የሚለኝን ገበሬ ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ክኒኑን ተወ። ከወራት በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በቃሬዛ አመጡት። ስሜቱ ዋሽቶታል።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ያልኩትን እኮ ነው የደገምከው ወንድሜ! እሱ በሽታ አለው፣ ህመም የለውም። እሷ ህመም አላት፣ በሽታ አልተገኘባትም። ለእሱ «ደህና ነህ» አላልከውም። ለእሷ ለምን ይባላል?

ከማይክሮስኮፑ ጋር፦ እኔ ላብራቶሪ ነኝ። ስለ «ምንም» ስትጨቃጨቁ ሌላኛውን ጥፋት ረሳችሁት። ሰው ባዶ እጁን ላለመመለስ ስንቱ ነው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ተሸክሞ የሚሄደው? ያ የደም ምርመራ ድሮ የያዘውንም ሰው «አለብህ» ሊል ይችላል። ሌላ ኢንፌክሽንም ያሳስተዋል። እኔ «የለም» ብዬ እውነቱን መጻፍ እመርጣለሁ።

የሚንጃሩ፦ ሕዝቡም እኮ ስም ይፈልጋል። ስም ካልተሰጠው አልታከምኩም ይላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚመጣውን ሰው ጠይቁት። ብዙው ሐኪም ቤት «ምንም የለብህም» የተባለ ነው። እዚያ ግን ማንም እንዲህ አይለውም። ቁጭ ብለው ይሰሙታል።

11 ዓመት በዋርድ፦ ጠበሉን አትንኩብኝ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ክኒኑን ጥሎ የሚሄደውስ? ያንንም ተናገር።

የሚንጃሩ፦ ክኒን ጣሉ መቼ አልኩ? ይሰሙታል ነው ያልኩት። ያላልኩትን አታስብለኝ።

የእነዋሪ መምህር፦ ወደ ቃሉ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ ደንቡ ጤናን የተረጎመው የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት ብሎ ነው። የበሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። እናታችን ባሏን ቀብራለች፣ ቤቱ ጭር ብሎባታል። በዚህ ትርጉም ጤነኛ ናት ማን ይላል?

11 ዓመት በዋርድ፦ «ሙሉ»! ይህችን ቃል ነው የማልቀበላት። ሙሉ ደህንነት ያለው ሰው ከደብረ ሲና እስከ ዓለም ከተማ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። በዚህ ሂሳብ ሁላችንም በሽተኛ ነን። ዋርዱስ ማንን ያስተኛል?

የእነዋሪ መምህር፦ በዚህ እንኳ ልክ ነህ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ምሁራን ይህችኑ ቃል ተችተው፣ ጤናን ከችግር ጋር ተጣጥሞ ራስን የመምራት አቅም አድርገን እንየው ብለዋል። ስኳር ኖሮት ክኒኑን እየወሰደ ማሳውን የሚያርስ ሰው በዚህ ጤና አለው። ግን በዚህኛውም ብንለካት እናታችን አልተጣጣመችም፤ ሦስት ወር አልተኛችም። ደግሞ የፈረንጁን ተወውና የራሳችንን ስማ። እኛ አገር ሰላምታው «ቤቱ ጤና ነው? ከብቱ ጤና ነው? አገሩ ጤና ነው?» አይደል? ሰው ያልሆነ ነገር ሲናገር «በጤናህ ነው?» እንለዋለን፤ ደሙን መጠየቃችን አይደለም። አያቶቻችን ጤናን ከገላ ብቻ አልቆጠሩትም።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም «ቤቴ ጤና የለውም» ነው የምትለው።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ሦስተኛውን፣ የሰፈሩን ነገር፣ ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። እግራቸው ያበጠ ሰዎችን አስቡ። በአገራችን ደጋ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እብጠት አለ። አይተላለፍም። ጫማና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ሰው ግን የዘር ነው፣ እርግማን ነው እያለ ከሠርግም ከማኅበርም ያርቃቸዋል። እግሩን ታክሞ የቀለለት ሰው እንኳ ሰፈሩ ይሸሸዋል። ይህ በየትኛው ውጤት ወረቀት ላይ ይጻፋል?

11 ዓመት በዋርድ፦ እሱን ሰፈሩ ይጠየቅ እንጂ ነርስ ምን ያድርግ?

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ቢያንስ «በሽተኛው» ማለቱን ይተው። «አልጋ 6» ብሎ መጥራቱንም። ስም አላቸው።

11 ዓመት በዋርድ፦ ሌሊት ብቻዬን ተረኛ ሆኜ ያን ሁሉ አልጋ ስይዝ ቁጥር ነው የሚያድነኝ። መድኃኒት እንዳላቀያይር ብዬ ነው። ንቀት አታድርጊው፣ ያመኛል።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ለመድኃኒቱ ቁጥሩንም ስሙንም ካርዱ ላይ እይ። ስትጠራቸው ግን በስማቸው ጥራ። አልናቅሁህም ወንድሜ።

ከማይክሮስኮፑ ጋር፦ እሺ፣ ታዲያ «ምንም የለብዎትም» ካልተባለ ምን ይባል? አንድ ሰው ይንገረኝ።

ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፦ «በመረመርነው ነገር በሽታ አላገኘንም። ህመምዎ ግን እውነት ነው።» ከዚያ ሁለት ጥያቄ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገር ሁሉ አስጠልቶዎታል? ሆድዎ ባብቷል፣ ተስፋ ቆርጠዋል? መልሱ አዎ ከሆነ በደንብ ይጠየቁ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ይላኩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

11 ዓመት በዋርድ፦ ሁለት ደቂቃ ያልሽው በሰልፉ ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ሥራ ስትገቢ ታዪዋለሽ። ጥያቄውን አልጠላሁትም። ቃሉ ግን ውሸት አልነበረም፣ በዚህ አልስማማም።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ እናቴም አልዋሸችም፣ እኔም በዚህ አልስማማም። ሰኞ ደብረ ብርሃን ይዣት እመጣለሁ። ሁለቱን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ይዤዋለሁ። ካልጠየቋት እኔ እነግራቸዋለሁ።

11 ዓመት በዋርድ፦ በጠዋት ድረሱ። ብርዱ ከባድ ነው፣ ጋቢ ትልበስ።