የዋርካው ጫፍ ብዥ እያለብኝ ነው፣ እርዱኝ

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ሐረር ሐኪም ጋራ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ በ4 በ5 ኢንች ካሜራ (ነጠላ ነጠላ ፊልም የሚጎርስ፣ ሌንሱ የሚዘነበል ትልቅ ካሜራ) ፎቶ ላነሳ በዚህ የጥቅምት ብርድ ሦስት ማለዳ ተመላለስኩ። ከፊት ያለውን አደይ አበባና ከኋላ ያለውን ጋራ እኩል ጥርት ላድርግ ብዬ ሌንሱን ወደፊት ሳዘነብለው መሬቱ ልክ ይመጣል፣ የዋርካው ጫፍ ግን ብዥ ይልብኛል። ጫፉም እንዲጠራ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 32 ድረስ ሳጠበው ደግሞ ብርሃን ቶሎ በማይቀበለው በ100 ፊልም 1 ሰከንድ ይፈጃል፣ በዚያች መሃል ነፋስ ይመጣል። ትናንት ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ በማጉያ ሳይ አንዲት ቅጠል እንኳ አልቆም አለችኝ። የቀረኝ 4 ፊልም ብቻ ነው፣ ድሬም ጠይቄ አጣሁ። ማዘንበሉን ትቼ ሩብ ሰከንድ እንዲበቃኝ ብርሃን ቶሎ የሚቀበል 400 ፊልም ልፈልግ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? አደዩ ሳይረግፍ መልሱልኝ።