የድርጅቴ የባንክ ሒሳብ በምርመራ ምክንያት ታገደ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ቶነር ሻጭ

ሰላም ለሁላችሁም። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያና የፕሪንተር ቀለም የሚሸጥ ኃ.የተ.የግ.ማ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ገዢ 345,000 ብር በትራንስፈር ከፍሎ ቶነር ወሰደ፤ ደረሰኝ ቆርጬለታለሁ። ባለፈው ሰኞ የማኅበሩ ሒሳብ ታግዶ አገኘሁት። ውስጡ 1,840,000 ብር አለ፤ ገንዘብ ይገባል እንጂ አይወጣም። ቅርንጫፉ «ከበላይ የመጣ ትዕዛዝ ነው» አለኝ፣ ወረቀት ግን አላሳየኝም። አንድ መርማሪ ደውሎ ገዢው በማታለል ወንጀል እየተመረመረ መሆኑንና ቃሌን እንድሰጥ ነግሮኛል። የባለቤቴ የደመወዝ ሒሳብም ከዚያው ቀን ጀምሮ አልሠራ ብሏል። 6 ሠራተኞች አሉኝ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ለአቅራቢ የሰጠኋቸው ሁለት ቼኮችም በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍያ ይቀርባሉ። የት ልሂድ? ጠበቃ ከመያዜ በፊትስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የባንክ ኦፕሬሽን

«ከበላይ» የሚለው ቃል ምንም አይነግርህም። ሒሳብ የሚታገድበት መንገድ ብዙ ነው፤ መፍቻውም ለየቅል ነው። በወንጀል ጉዳይ የወጣ የፍርድ ቤት ዕግድ ሊሆን ይችላል። የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት የጻፈው ጊዜያዊ ማቆያ ሊሆን ይችላል። የታክስ ባለሥልጣን ለዕዳ ብሎ ሊያሳግደው፣ በፍትሐ ብሔር ክስ ሌላ ነጋዴ ሊያሳግደው ይችላል። ባንኩ ራሱም «ደንበኛህን እወቅ» በሚለው ሥርዓት መረጃህ አልተሟላም ብሎ ወጪውን ሊዘጋ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ልደታ ፍርድ ቤት ብትሄድ መዝገብ ቤቱ «ቁጥር አምጣ» ብሎ ይመልስሃል።

ስለዚህ ዛሬውኑ በማኅበሩ ማኅተም ለቅርንጫፉ ደብዳቤ ጻፍ፤ ግልባጭ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት ይሁን። ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ «በሒሳብ ቁጥር … ላይ የተደረገው የወጪ ዕገዳ በየትኛው አካል እንደታዘዘ፣ የትዕዛዙ ቁጥርና ቀን፣ እንዲሁም ዕገዳው በጠቅላላ ሒሳቡ ላይ ነው ወይስ በተወሰነ የገንዘብ መጠን ላይ የሚለው በጽሑፍ እንዲገለጽልን።» ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፣ አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብለህ ቀንና ፊርማ አስደርግ። «ተጠርጥሬ ነው ወይ? ማን ጠቆመብኝ?» ብለህ እንዳትጽፍ። ባንክ ስለ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ለደንበኛው መናገር በሕግ ስለተከለከለ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያይ ሙሉ ደብዳቤውን ያለ መልስ ያስቀምጠዋል። የትዕዛዝ ቁጥርና ቀን መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያው ጋር የ12 ወር ስቴትመንት በማኅተም አውጣ። ሒሳብ ታገደ ማለት ስቴትመንት ተከለከለ ማለት አይደለም።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ

ወንድሜ ጊዜህን አታቃጥል። በወንድምህ ስም አዲስ ሒሳብ ክፈትና ሽያጩን ወደዚያ አዙረው፣ እነሱ እስኪያጣሩ ይቆዩ።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

ከላይ ያለውን ምክር በፍጹም እንዳይሞክሩት። አሁን እርስዎ ዕቃ ሸጠው ዋጋውን የተቀበሉ ሰው ነዎት። የማኅበሩን ሽያጭ በሌላ ሰው ስም ወዳለ ሒሳብ ያዞሩ ዕለት ዐቃቤ ሕግ «ገንዘብ ያሸሻል» ብሎ የሚከራከርበትን ማስረጃ በገዛ እጅዎ ሰጡት፤ ወንድምዎንም ጨመሩት። ትዕዛዙ አንድ የሒሳብ ቁጥር ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ ማኅበሩ በራሱ ስም በሌላ ባንክ ባለው ሒሳብ መሥራት ይችላል፤ ይህንንም በአቤቱታው ላይ ሳይደብቁ ይጻፉት። «በማኅበሩ ስም በማንኛውም ባንክ የሚገኝ» የሚል ከሆነ ግን ያም መንገድ ዝግ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እንዲህ ያለ ዕግድ የሚወጣው ባለሒሳቡ ሳይሰማ ነው፤ አስቀድሞ ቢነገረው ገንዘቡ አያድርምና። ስለዚህ «ሳልጠራ ታገደብኝ» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያራምድም። የእርስዎ ዕድል የሚጀምረው ከትዕዛዙ በኋላ፣ ትዕዛዙን ለሰጠው ችሎት በሚያቀርቡት የዕግድ ይነሣልኝ አቤቱታ ነው።

ባንኩ ቁጥሩን ሲሰጥዎ በመጀመሪያ የትዕዛዙን ግልባጭ ያውጡና የትኛውን ሕግ እንደጠቀሰ ይዩ። ለሙስና ጉዳይ የፀረ-ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት አዋጅ 434/1997 እና ማሻሻያው 882/2007፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ለማስመሰል አዋጅ 780/2005 ለዓመታት ሲጠቀሱ ኖረዋል። በ2017 ደግሞ የንብረት ማስመለስ አዋጅ 1364/2017 ወጥቷል። የድሮ አቤቱታ ናሙና ገልብጦ የሚያቀርብ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትዕዛዙ በአንዱ አዋጅ ወጥቶ አቤቱታው በሌላው ይከራከራል።

የአቤቱታው ጉልበት ያለው ዳኝነት በሚጠይቁበት ክፍል ነው። ብዙ ሰው «ዕግዱ ሙሉ በሙሉ ይነሣልኝ» ብሎ ያቆማል። ዳኛው ምርመራ ባላለቀበት መዝገብ ላይ ሁሉንም ለመልቀቅ ስለሚያመነታ ውድቅ ያደርገዋል። በሦስት ደረጃ ይጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዕግዱ ይነሣ። ሁለተኛ፣ ይህ ከታለፈ 345,000 ብር ብቻ ታግዶ ቀሪው 1,495,000 ብር ይለቀቅ። ሦስተኛ፣ ይህም ከታለፈ ለደመወዝ፣ ለግብር፣ ለኪራይና ለብድር የሚሆን በየወሩ ይህን ያህል ብር እንዲወጣ ይፈቀድ።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያሸንፈው ስቴትመንቱ ነው። 345,000 ብሩ የገባበትን መስመር በቢጫ ያቅልሙት፤ ከእሱ በላይ ባለው መስመር ላይ የነበረውን ባላንስ ክበብ ያድርጉበት። ያ ቁጥር ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው፣ ከገዢው ወንጀል ጋር ሊገናኝ አይችልም። ዳኛ የ12 ወር ስቴትመንት አያነብልዎትም፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ግን ያያል።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 እና 20(3) ይጥቀሱ፤ ግን በአንድ አንቀጽ ይብቃዎት። ችሎቱ በየቀኑ ይሰማዋል።

መልስ፦ ሒሳብ አዋቂ

ሦስተኛውን ጥያቄ በቁጥር አስደግፈህ ካላቀረብከው ዋጋ የለውም። «ለሥራ ማስኬጃ» የሚል ጥቅል ቃል ሲመጣ ዐቃቤ ሕጉ ወዲያው ይቃወማል። ለምሳሌ የ6ቱ ሠራተኞች ደመወዝ በወር 78,000 ብር ነው እንበል። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ 8,580 ብር ነው፤ የሠራተኛው 7 በመቶ (5,460 ብር) ከደመወዙ ውስጥ ስለሚቆረጥ እንደገና አትደምረው። ከደመወዝ ጋር 86,580 ብር መጣ። ኪራይ 55,000፣ የብድር ክፍያ 62,000 ቢሆን ጠቅላላው 203,580 ብር ነው። የፔሮል ቅጽ፣ የኪራይ ውልና የብድር ውል አያይዝ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከጎኑ «አባሪ 4፣ አባሪ 5» ይበል። ክፍያው በቀጥታ ከታገደው ሒሳብ ወደ ሠራተኞቹ፣ ወደ አከራዩና ወደ ገቢ ሰብሳቢው እንዲሄድ ጠይቅ እንጂ በጥሬው ይሰጠኝ አትበል። ብድሩ ከዚያው ባንክ ከሆነ በተለይ ግልጽ አድርገው፤ ወለዱ ዕግድ አያውቅም፣ መያዣህም በአዋጅ 90/97 ባንኩ ያለ ፍርድ ሊሸጠው የሚችል ንብረት ነው።

ሌላም ነገር አለ። 345,000 ብሩ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል። በ15 በመቶ ሲሰላ የዕቃው ዋጋ 300,000፣ ታክሱ 45,000 ብር ነው። ታክሱን አሳውቀህ ከሆነ የወሩን ማስታወቂያ አያይዝ። መንግሥት ከዚያው ሽያጭ ድርሻውን ወስዷል ማለት ስለሆነ ሽያጩ የይስሙላ እንዳልነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አታገኝም። ከዚያ ዕቃው ከየት መጣ የሚለው ይከተላል፦ ያስገባኸው አንተ ከሆንክ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ካልሆነ የአቅራቢው ደረሰኝ፤ ስቶክ ካርዱ ላይ የወጣበት ቀን፤ ገዢው የፈረመበት የዕቃ ማስረከቢያ። ብዙ ነጋዴ የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ነው። ከሌለህ የጫነው መኪና ሹፌርና ዕቃውን ያወጣው ሠራተኛ ስም ይመዝገብ። ያለፈ ቀን ጽፈህ አዲስ ማስረከቢያ እንዳታዘጋጅ፤ ከሐሰተኛ ሰነድ ሰነድ ማጣት ይሻላል።

መልስ፦ የሕግ መምህር

አቶ ሒሳብ አዋቂ ትንሽ ማረሚያ፦ ባንክ መያዣ የሚሸጥበት አዋጅ 97/1990 ነው፤ ቁጥሩ ተገላብጦብዎታል።

ለጠያቂው የምጨምረው፣ የቅን ልቦና ሦስተኛ ወገን ክርክርን ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ-ሙስና ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ንዑስ 5 በወንጀል የተገኘ ንብረት ከሕጋዊ ንብረት ጋር ሲቀላቀል የሚወረሰው በተቀላቀለው መጠን ልክ እንደሆነ፣ በንዑስ 9 ደግሞ የቅን ልቦና ሦስተኛ ወገኖች መብት እንደማይነካ ይናገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ኮንቬንሽኑ የሙስና ነው፣ የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚታይ ማታለል ይመስላል። ስለዚህ «በዚህ ይገዛል» ከማለት «ሕጋችን ስለ ቅልቅል ገንዘብ የሚከተለው መርህ ይህ ነው» ብሎ ማቅረብ ይሻላል።

ይግባኝ ለማለት አይቸኩሉ። ትዕዛዙን የሰጠው ችሎት ማስረጃዎን ሳያይ በላይኛው ፍርድ ቤት የሚነቀፍ ስሕተት የለም።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

ከመምህሩ ጋር እስማማለሁ። ስለ ቼኮቹ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለው እሱ ይመስለኛል። በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። እርስዎ ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ የተዘጋው መውጫው ነው። ይህ ልዩነት በወረቀት መታየት አለበት። ነገ ጠዋት ለአቅራቢው ዕግዱ የደረሰበትን ቀን ጠቅሰው በጽሑፍ ያሳውቁት፣ ቼኮቹንም ከባንክ እንዲያዘገይ ይጠይቁት። ከቀረቡ ደግሞ ባንኩ ሲመልሳቸው ምክንያቱን «ሒሳቡ በትዕዛዝ ታግዷል» ብሎ እንዲጽፍ ለቅርንጫፉ አስቀድመው ያመልክቱ። ገንዘብ ተቀባዩ በልማድ «በቂ ስንቅ የለውም» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ ወረቀቱ በእርስዎ ላይ ይናገራል፤ ያኔ ማረም ከባድ ነው። ሒሳቡ መታገዱን ካወቁ በኋላ ሌላ ቼክ አይፈርሙ።

መርማሪው ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምስክር ነኝ ወይስ ተጠርጣሪ?» የሚለውን ነው። ምስክር ከሆኑ የሰነዶቹን ኮፒ በዝርዝር ዘግበው ያስረክቡ፤ ኦርጅናሉን ሳያስፈርሙ አይስጡ። ተጠርጣሪ ካሉዎት ያለ ጠበቃ ቃል አይስጡ። ምስክርነትዎ በመዝገቡ ላይ መጻፉ ለአቤቱታውም ይረዳል፤ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የእኔ ምስክር ነው የሚለውን ሰው ሙሉ ሒሳብ አግዶ ለማቆየት ይቸገራል።

ዕግዱ ከተነሣም በኋላ ነገሩ ወዲያው አያልቅም። ችሎቱ ለባንኩ የሚጽፈው ደብዳቤ ላይ የሒሳብ ቁጥሩ አኃዝ በአኃዝ፣ የማኅበሩም ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ መጻፉን መዝገብ ቤቱ ፊት ቆመው ያረጋግጡ። አንዲት ፊደል ከተለየች ባንኩ ማብራሪያ እጠይቃለሁ ብሎ ሌላ ሳምንት ይጨምርልዎታል።

ጠያቂ፦ ቶነር ሻጭ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባንኩ በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ። የማኅበሩ ሒሳብ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፤ ቁጥርና ቀን አለው፣ «በጠቅላላ ሒሳቡ ላይ» ይላል። አቅራቢዬም ቼኮቹን እንደማያስገባ ፈርሞልኛል። ባለቤቴ ግን በትዕዛዙ ውስጥ የለችም ይላሉ። ታዲያ ለምን ተዘጋባት? በጋራ ንብረት ሰበብ ይሆን?

መልስ፦ የባንክ ኦፕሬሽን

የጋራ ንብረት ክርክር ቢሆን ኖሮ ስሟ በትዕዛዙ ላይ ይኖር ነበር። ከሞክሼ ጋር ተምታቶም እንዳይሆን ብዬ ነበር፤ እሱም ቢሆን ትዕዛዝ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ እንዳልኩት ባንኩ ራሱ መረጃ አልተሟላም ብሎ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቧ ከፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥሯ ጋር መያያዙን ጠይቁ።

ጠያቂ፦ ቶነር ሻጭ

አልተያያዘም ኖሯል። ዛሬ ቅርንጫፉ ሄዳ አያያዘች፣ ከሰዓት በኋላ ደመወዟን አወጣች። እኔ ሰኞ አቤቱታዬን አስገባለሁ።