የድሮው ባለ ሦስት ከበሮ ስሎት ማሽን በአርዱይኖ፦ ምልክቶቹ ለምን ከመስመር ይወጣሉ?

ከጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለቤቱ። ለ12ኛ ክፍል የፕሮባብሊቲ ማስተማሪያ እንዲሆን የድሮውን በእጅ የሚጎተት ስሎት ማሽን (ሳንቲም ሲገባበት ምልክት ያለባቸው ከበሮዎች የሚዞሩበት የቁማር ማሽን) የሚመስል ነገር እየሠራሁ ነው። ገንዘብ አይገባበትም፤ ሳንቲሙ ቆርኪ ነው። አርዱይኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ ሦስት 28ቢዋይጄ-48 ሞተር (በትንንሽ እርምጃ፣ ማለትም በስቴፕ፣ የሚዞር)፣ በየከበሮው 20 ምልክት። ኮዱ አንድ ዙርን 2048 ስቴፕ ብሎ ይቆጥራል። ከበሮው ይንቀራፈፋል፤ ጥቂት ከዞረ በኋላም ምልክቶቹ ከመስኮቱ መሃል ይወጣሉ። ይባስ ብሎ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቀድሞው ውጤት በዚያው ቅደም ተከተል ይደገማል። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ዓባይ ዳር (ባሕር ዳር)
መምህር፣ ኮዱን ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን ይቀይሩ። የዚያ ሞተር የማርሽ ምጥጥን ብዙ ጊዜ 64 ሳይሆን 63.68 ገደማ ስለሆነ አንድ ዙሩ 2038 ስቴፕ ነው። በየዙሩ 10 ስቴፕ ያልፋል፤ አንድ ምልክት ወደ 102 ስቴፕ ስለሚይዝ በአሥር ዙር አንድ ምልክት ሙሉ ተንሸራተተ ማለት ነው። ፍጥነቱም በ5 ቮልት በደቂቃ 15 ዙር ቢደርስ ነው።

ኔማ 17 የሚባለው የስቴፕ ሞተር ያለ ማርሽ በዙር 200 ስቴፕ አለው። በኤ4988 ድራይቨር (ሞተሩን የሚነዳ ትንሽ ሰሌዳ) ግማሽ ስቴፕ ላይ ሲያደርጉት 400 ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል ትራፊ የለውም። አንዱን ስቴፕ ለ16 በሚከፍለው 1/16 ላይ እንዳያደርጉት፤ በዙር 3200 ስቴፕ በሦስት ሞተር ኡኖው አይችለውም። በሰከንድ 800 ስቴፕ፣ ማለትም ሁለት ዙር፣ ለዓይን ይበቃል። በአንዴ ከተነሣ ግን ስቴፕ ይዘላል፤ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

የድራይቨሩ ሬዚስተሮች 0.1 ኦም ከሆኑ ለ1 አምፔር ማስተካከያዋን ብሎን 0.8 ቮልት እስኪነበብ ያዙሩ። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ12 ቮልቱ መግቢያ አጠገብ ይግባ። ኃይል እያለ የሞተሩን ሽቦ ከነቀሉ ድራይቨሩን ይሰናበቱት።

ለከበሮው 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይሆናል። ዙሪያው 503 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ለአንድ ምልክት 25 ሚ.ሜ. ይደርሰዋል።

የቡሬው
ሞተሩ ላይ እስማማለሁ። ማሽኑን ለመምሰል ግን ይህ አይበቃም። በድሮው ማሽን ሳንቲም ካልገባ እጀታው ተቆልፎ ይቆያል። ሲጎተት ሞላ ይወጠራል፤ ሞላው ሦስቱንም ከበሮ ባንድ ጊዜ ወርውሮ ያስነሣል። ከዚያ በማራገቢያ የሚዘገይ እንደ ሰዓት ያለ ማርሽ የማቆሚያ ክንዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በየተራ ይለቃል፤ ክንዱ ከበሮው ጎን ያለው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ቀጭ! ስለዚህ ሁለት ምልክት መሃል መቆም ብሎ ነገር የለም።

እጀታው ላይ ሁለት ማይክሮስዊች (ሲነካ የሚያመለክት ትንሽ ማብሪያ) ያድርጉ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ታችኛው ሳይነካ ከተመለሰ አይቁጠሩት፤ ግማሽ ጉተታን የድሮውም አይቀበልም። ሲቆም ሁለት ስቴፕ አልፎ ሁለት ይመለስ፣ ያቺን ንዝረት ያመጣታል።

መብራቱን በተመለከተ፦ ራንደም (የዕጣ ቁጥር የሚያወጣው ትእዛዝ) ዘር፣ ማለትም መነሻ ቁጥር፣ ካልተሰጠው ኡኖው በተነሣ ቁጥር ከአንድ ቦታ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጉተታ ላይ የማይክሮስን (ኡኖው ከተነሣ ጀምሮ ያለፈውን ማይክሮሰከንድ የሚሰጠውን ትእዛዝ) ቁጥር ዘር ያድርጉለት፤ የሰው እጅ በማይክሮሰከንድ አይደጋገምም። አንዴ ብቻ፣ በየጉተታው አይደለም።

ከጮቄ ሥር
እግዜር ይስጥልኝ። ስቴፕ ቢዘልስ በምን አውቃለሁ?

ዓባይ ዳር
በየከበሮው ጎን አንዲት ጥቁር ምላስ ለጥፈው ባለ ስንጥቅ የብርሃን ሴንሰር ውስጥ ያሳልፏት። ሁለት ጊዜ ስታልፍ መሃሉ 400 ካልሆነ ዘሏል፤ ቆሞ ስህተት ያሳይ። መብራት ሲመጣም መጀመሪያ ምላሷን ይፈልግ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ከወዲያ ከመጣ ሌላውን ጠርዝ ይይዝና ልኩ ይፋለሳል።

የቡሬው
ለክፍሉ ደግሞ የደወል ምልክቱን በከበሮዎቹ ላይ እኩል አያከፋፍሉት። አንደኛው ላይ 3፣ ሁለተኛው ላይ 4፣ ሦስተኛው ላይ 1 ያድርጉ። ከ20×20×20 = 8000 ውስጥ ሦስት ደወል የሚመጣው 12 ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደወል ሆነው ሦስተኛው የሚከሽፈው ግን 228 ጊዜ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ያስሉት።