ቤተሰብ ሩቅ ያላችሁ ዜና እንዴት ነው የምትከታተሉት?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ እናቴ ግን አጣዬ ናት። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ስልክ፣ ማታም ስልክ፣ አንዱ የቴሌግራም ቻናል "ሰበር ዜና መንገድ ተዘጋ" ይላል ሌላው ክፍት ነው ይላል፣ የዩቲዩቡማ ርዕሱና ውስጡ አይገናኝም። ጨርሼ እንዳልተወው መንገዱን ማወቅ አለብኝ። እንቅልፍ አጣሁ በእውነት፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጣርማበር፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ ሁለቱን ለይቻቸዋለሁ። መንገድ ክፍት ነው ወይ የሚለው ደውለህ የምትጠይቀው ነገር ነው፣ ከቻናል አትጠብቀው። በዛ መስመር የሚሰራ ሾፌር ቁጥር ያዝ፣ ዛሬ ጠዋት በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የእናትህንም ደህንነት ከራሷ አፍ ስማ። የቀረው ማታ ይደርሳል፣ እኔ የዶይቸ ቬለን የምሽት 1 ሰዓት ወይ የኢቢሲን የ2 ሰዓት ዜና እሰማና በቃ። እሱ እኮ ሰዓቱ ሲደርስ ያልቃል፣ ቴሌግራም ግን ማለቂያ የለውም፣ ሰው የሚታመመው እዛ ጋ ነው

መምህርት ከመሃል ሜዳ፦
ቻናሎቹን ሚውት አድርገህ አርካይቭ ውስጥ ክተታቸው፣ ስትፈልግ አንተ ትሄድባቸዋለህ እንጂ እነሱ አይጠሩህም። የዩቲዩብ ኦቶፕሌይም ይጥፋ። ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አትደንግጥ፣ ፎቶው ድሮ የት እንደወጣ ጎግል ሌንስ ላይ ፈልገው፣ የሐሰት መረጃ የሚያጣራውን ኢትዮጵያ ቼክንም እይ። ተማሪዎቼን ሁሌ የምላቸው፣ የዛሬ ነው ተብሎ በሐምሌ የተለቀቀ የመንዝ ፎቶ ላይ ሜዳው ደርቆ አቧራ የሚጨስ ከሆነ እንዴት ነው የዛሬ የሚሆነው? ሳያጣሩ ፎርዋርድ ማድረግ ግን በጣም ያሳዝነኛል፣ አረብ ሀገር ያለች እህት እሱን አይታ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች።

ቀወት፦
ሁሉም ልክ ነው ግን ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልላችን ላይ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወደ ዓመት ገደማ ሲቆይ ራዲዮ ነው የያዘን። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ራዲዮ ቤት ውስጥ አይጥፋ

የጠባሴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መናኸሪያ የማውቀው ሾፌር አለ ዛሬውኑ ቁጥሩን እቀበላለሁ። የእናቴ ስልክ እምቢ ሲልስ ምን ላድርግ? የሚብስብኝ እሱ ነው

ጣርማበር፦
የጎረቤት ቁጥር ያዝ፣ አንድ ሰው ብቻ አይሁን፣ ራቅ ያለ ሰፈር ያለም ጨምር። ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ጥሩ ነው ስልኩ ቻርጅ አይጠፋውም።