ድሬ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያስቸግር ወዴት ልውሰዳት?

«አቦ፣ ካምቢዮዋ ልታሳብደኝ ነው፤ ድሬ ላይ ማን ጋ ልውሰዳት?» የሚለው ጥያቄ አይቋረጥም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው ነው። የሚፈልገው የጋራዥ ስም ነው። እኔ ግን ስም አልጠራም። ጎበዝ መካኒክ ዛሬ አንዱ ጋራዥ ነው፣ ነገ ሌላው ጋ። የትኛው ችግር ወደየትኛው ባለሙያ እንደሚሄድ ብታውቁ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የዘይት መለኪያውን ሳይመዝ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይቀየር» ያላችሁን ሰው አመስግናችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ዘይቱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። መለኪያ ባላቸው የድሮ ቶዮታዎች መኪናዋ ትንሽ ከተነዳች በኋላ ሜዳ ላይ አቁሟት። ሞተሩን ሳታጠፉ፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፉና ፒ ላይ መልሱት። ከዚያ መለኪያውን ምዘዙ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ምዘዙ። «ሆት» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ሆንዳ ከሆነች ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ ነው የሚለካው። ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች፣ ማርሹን የሚይዙት ሳህኖች፣ ተጎድተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ወተት የነካው ሮዝ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ መኪናዋን ከዚያ አታንቀሳቅሷት።

የሰፈር ጋራዥ ለምን ይሆናል? ለዘይት ቅያሪ፣ ለፊልትሮ፣ ለሚንጠባጠብ ጓርኒሲዮን (የዘይት ማሸጊያ)፣ በድሮዎቹ ላይ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ገመድ ለማስተካከል። ለሞተር መያዣ ጎማም እንዲሁ። ይሄኛውን አትናቁት። አንድ ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ መኪናቸው ዲ ላይ ስትገባ «ድው!» እያለች ካምቢዮ ቀይሩ ተብለው ነበር። ኮፈኑን ከፍተን፣ ፍሬን ተይዞ ከዲ ወደ አር ስትቀየር ሞተሩን አየነው። ከቦታው ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ጎማው ተበጥሷል። ጎማው ተቀየረ፣ ድምፁም ጠፋ።

ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል) የሚለው መብራት በራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ወደ መካኒክ አትሂዱ፤ ኤሌትሪሺያን ጋ ሂዱ። መኪናዋ ስህተት መዝግባለች ማለት ነው። አዲሶቹን በኮምፒውተር ያነቡላችኋል። ፒ 0700 ብቻ ነግሯችሁ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ምንም አልነገራችሁም፤ ያ ኮድ «ካምቢዮ ላይ ችግር አለ» ከማለት አያልፍም። ቀጥሎ ያለውን ኮድ ጠይቁ። ታይዋን ገበያ ስትዞሩ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ካገኛችሁ ግዟት። ሞተሩን ታነባለች፤ የካምቢዮውን ዝርዝር ግን በሁሉም መኪና ላይ አታወጣም፣ የባለሙያውን ማሽን አትተካም። ከ1996 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ቶዮታዎች ደግሞ ማሽን አይፈልጉም። ኮፈኑ ስር ባለችው የምርመራ ሳጥን «ቲኢ1» እና «ኢ1» በሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ራሱ እየበራ ኮዱን ይቆጥራል። 62 ወይም 63 ከቆጠረ የማርሽ መቀየሪያው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዘይት መክፈቻ) ወይም ሽቦው ነው። ይህን የሚያውቅ ኤሌትሪሺያን ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

አሁን ወደ ድሬ የራሷ በሽታ። ሙቀት። የአብዛኛው መኪና ካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ነው። የከተማችን ውሃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ያው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥ ይጋገራል። ሞተሩ ገና «ሞቀኝ» ሳይል ካምቢዮው ሊቃጠል ይችላል። በዚያ ላይ ወደ ሐረር የሚያስወጣው የደንገጎ ዳገት አለ። ከ1200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 2000 ሜትር ትወጣላችሁ። ሐረር ደርሳችሁ ስትመለሱ ማርሽ መቀየር ካስቸገራት፣ ጠዋት ቀዝቅዛ ግን ደህና ከሆነች፣ መጀመሪያ ራዲያተር ሠሪ ጋ ውሰዷት። ከካምቢዮ ሠሪ በብዙ ይረክሳል። ራዲያተሩ ከተቀየረ አዲሱ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ የማኑዋል መኪና ራዲያተር ገጥመው የሚሸኙ አሉ። የቧንቧ ውሃ መጨመሩም ይቅር፤ ኩላንት ወይም የተጣራ ውሃ ይሁን። ዳገቱን ስትወጡ ማርሹ ወዲያ ወዲህ ካለባችሁ ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም ከፍተኛውን ማርሽ፣ አጥፉት።

ዘይት መግዛት ላይ የማያቸው ስህተቶች ያናድዱኛል። «ቀይ ዘይት» ብሎ ለመሪ የሚሆነውን ዴክስሮን ለሁሉም የሚሰጥ ሱቅ አለ። ለድሮዎቹ ኮሮላዎች ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጡት «ቲ ፎር» የሚባለውን የቶዮታ ዘይት ይጠይቃሉ፣ ቀጥለው የመጡት «ደብሊው ኤስ» ነው፤ እሱ ይቀጥናል። አትቀላቅሏቸው። ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ ኮፈን ስር ያለችውን ስም ሰሌዳ አንብቡ። ከ«ትራንስ/አክስል» ጎን የተጻፈው በኤ ወይም በዩ ከጀመረ የተለመደው ካምቢዮ ነው። አውቶማቲክ ሆና በኬ ከጀመረ ሲ ቪ ቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የምትሠራ) ናት፣ የራሷ ዘይት አላት፤ ሌላ ከተሞላባት ቀበቶዋ ይበላል። በኦሪጅናል ቶዮታና በታወቁ ኩባንያዎች ዘይት መካከል፣ ጀርባው ላይ የእናንተ ዓይነት በግልጽ ከተጻፈ፣ ብዙ አልጨነቅም። ከበርሜል በሊትር የሚቀዳውን ግን በነጻም አልወስድም።

ሲቀየርም በአንድ ጊዜ ሁሉም አይወጣም። ከታች ሲፈስ ግማሽ ያህሉ ኮንቨርተር (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ቀን ነድቶ መድገም በማሽን አጥቦ ከማውጣት ለአሮጌ ካምቢዮ ይሻላል ባይ ነኝ። ሳህኑ ሲወርድ ማግኔቱን አሳዩኝ በሉ። ግራጫ ጭቃ ያለ ነው። ስባሪ ብረት ካለ ዘይት አያድነውም።

ያኔ ሁለት መንገድ አለ፤ ማስፈታት ወይም ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት። ማስፈታቱን በአሸዋ ንፋስ መሃል፣ ዛፍ ስር የሚሠራ ሰው ጋ አልመክርም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ደቃቅ የዘይት መንገድ የበዛበት ነው፤ አቧራ ይዘጋዋል። «መጀመሪያ በካምቢዮው ኮድ ኪቱን (የመለዋወጫ ስብስቡን) አምጡ፣ ከዚያ እፈታለሁ» የሚል ባለሙያ ግን ይታመናል። ፈትቶ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው መኪናችሁን ወራት ያቆማታል።

ለተለመዱት ቶዮታዎች እኔ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ምርጫው ያለው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለውን ሙሉ ኮድ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የኮሮላ ነው» አይበቃም። ከነኮንቨርተሩ ይሁን፣ የሙከራ ጊዜውንም በጽሑፍ አድርጉ። ከመገጠሙ በፊት ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎችና ማቀዝቀዣው ይታጠቡ። አለበለዚያ የአሮጌው ብረት ብናኝ አዲሱን ይጨርሰዋል።

መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመችባችሁ በገመድ አታስጎትቷት። የፊት ጎማ የምትነዳ አውቶማቲክ የፊት ጎማዋ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ስትጎተት፣ ሞተሩ ስለማይሠራ ካምቢዮው ዘይት አያገኝም። ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ፈልጋችሁ ጫኗት።