ዲመሬጅና ዲቴንሽን ለአንድ ኮንቴይነር ሁለቱም ይከፈላሉ?

ጠያቂ፦ ከቻይና ያስመጣሁት የወለል ሴራሚክ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በዩኒሞዳል (ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን ማጓጓዝ አስመጪው ራሱ በሚያስፈጽምበት አሠራር) ጅቡቲ ገብቶ ነበር። የባንክ ሰነዱ ስለዘገየብኝ ወደብ ላይ ሰነበተ። ዕቃው አዲስ አበባ ከተራገፈ በኋላም ባዶውን የሚመልስ መኪና ቶሎ አልተገኘም። አሁን የመርከቡ ወኪል ዲመሬጅም ዲቴንሽንም ብሎ ሁለት ሒሳብ ልኮልኛል። የወደቡ ኪራይ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ ሁሉ በእርግጥ ይገባል?

ትራንዚተሩ፦ ቀኖቹ ካልተደራረቡ ይገባል። ዲመሬጅ የሚከፈለው ነፃ ቀኖቹ (ያለ ክፍያ የሚፈቀዱት) ካለቁ በኋላ ኮንቴይነሩ ዕቃ እንደያዘ ወደብ ውስጥ ለቆየበት ጊዜ ነው። ዲቴንሽን ደግሞ ከወደቡ በር ወጥቶ ባዶው እስኪመለስ ነው። ሁለቱም ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈሉ ሲሆኑ፣ ኪራዩ የወደቡ ነው። ወኪሉን የቀን ዝርዝር ይጠይቁት፦ መቼ ከመርከብ ወረደ፣ መቼ ከበር ወጣ፣ ባዶው መቼ ገባ?

የመርካቶ አስመጪ፦ የባዶው መመለሻ ደረሰኝ እጅዎ ላይ አለ? ሾፌሮች ኪሳቸው ውስጥ ይረሱታል፤ ያለ እርሱ ግን ቆጠራው መቆሙን ማስረዳትም ሆነ ያስያዙትን ተቀማጭ ማስመለስ ጭንቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሑድና በዓልም ይቆጠራል፣ ዋጋውም በእርከን ይወጣል፤ ስለዚህ በመጨረሻው እርከን ላይ ያለ አንድ ቀን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጎዳል። ሒሳቡ የሚሰላው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል።

ጠያቂ፦ ዝርዝሩ መጣልኝ። ዲቴንሽኑን መቁጠር የጀመሩት ኮንቴይነሩ ከመርከብ ከወረደበት ቀን ነው!

ትራንዚተሩ፦ እንግዲያው እንዳይከፍሉ። አንዳንድ መርከብ ድርጅቶች ሁለቱን በአንድ ቆጠራ ያጠቃልላሉ፤ ያኔ ግን የተለየ ዲመሬጅ አይኖርም። ድርጅቱ ሁለቱንም ለየብቻ የሚያስከፍል ከሆነ ዲቴንሽኑ ከበር ከወጣበት ቀን መጀመር አለበት። የታሪፍ ሰንጠረዡን ይጠይቁ፣ የበር መውጫ ሰነዱን አያይዘው ተቃውሞዎን በኢሜይል ይላኩ። በስልክ የተባለ ነገር አይያዝልዎትም።

የሎጂስቲክስ ባለሙያ፦ በዚያው ደብዳቤ ቅናሽም ይጠይቁ፤ ከመክፈልዎ በፊት ከሆነ የሚሰማ አለ፣ ከከፈሉ በኋላ ግን ተመላሽ ማግኘት ከባድ ነው። ለሚቀጥለው ጭነት ነፃ ቀኖቹን ዕቃው ሳይጫን ይደራደሩና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ያስጽፉ። ጅቡቲ ላይ አራግፎ ዕቃውን ብቻ በመኪና ማምጣትም ይቻላል፤ ባዶ ከመመለስ ይገላግላል። ለሴራሚክ ግን አልመክርዎትም፤ በማራገፍ የሚሰበረው ከዲቴንሽኑ ሊበልጥ ይችላል።